ለመንዝ ሙክት ምን ይጠጣል?

መሐል ሜዳ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ። በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕም ይበላል። የሚነጋገሩት ሁለት ናቸው፤ ጠላ በመጥመቅና አረቄ በማውጣት ልጆች ያሳደጉ የመንዝ እናትና አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ክፍል የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ። ምድጃው ላይ የሙክት ጎድን እየተጠበሰ ነው።

አስተናጋጁ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይስቁብኝ ግን። ከውጭ አገር የመጡ የእኛው ሰዎች ሆቴላችን ገብተው ስቴክ ያዛሉ። እኛም እንደ ደንቡ ቀይ ወይን ይዘን እንቀርባለን። ባለፈው አንዱ «ቀይ ወይን ራሴን ያመኛል፤ ከሥጋው ጋር የሚስማማ ሌላ ምን የሚጠጣ አለህ?» ቢለኝ፣ ቢራ ከማለት በቀር መልስ አጣሁ።

እትዬ፦ ስቴክ የምትለው ያው ጥብስ ነው?

አስተናጋጁ፦ ጥብስ ነው፤ ግን አይከተፍም። ሽንጡ ወይም ጭቅናው ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ ይቆረጥና በጋለ ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል። ላዩ ይጠቁራል፤ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል።

እትዬ፦ እንግዲያው ጥሬ ሥጋና ጥብስ አንድ ሳህን ላይ ታረቁ በለኛ! የበሬ ነው የበግ?

አስተናጋጁ፦ አብዛኛው የበሬ ነው። የበግ ጎድንም አለን።

እትዬ፦ ታዲያ ለሁለቱም አንድ መጠጥ ነው የምትቀዳ?

አስተናጋጁ፦ ቀይ ወይን ለሁለቱም ይሆናል ነው የሚባለው። ምክንያትም አለው። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ ታኒን የሚሉት ነገር ይወጣል። አፍን ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ምራቃችንን የሚያለሰልሰውን ፕሮቲን ይይዝና አፍ ይደርቃል። ሥጋ ሲጎረስበት ግን ታኒኑ ወደ ሥጋው ይዞራል። ያን ጊዜ ወይኑ ይለዝባል፣ የስቡም ክብደት ከምላስ ላይ ይነሳል።

እትዬ፦ ይህን እኮ ጌሾም ያደርገዋል።

አስተናጋጁ፦ ጌሾ መራራ ነው፤ መምረርና መጨምደድ ይለያያሉ እትዬ።

እትዬ፦ አንተ ጌሾ ወቅጠህ ታውቃለህ? ቅጠሉ ያመርራል። እንጨቱ የበዛበት ጠላ ደግሞ ይጎመዝዛል፤ ምላስህን ይዞ አይለቅም። ልኩን የምታውቅ ሴት ሁለቱን ታመጣጥናለች። ጮማ በልተህ ጠላ ስትጎነጭበት አፍህ ጥርግ ይልና ሌላ ቁራሽ ያምርሃል። ወይኑ ከዚህ የበለጠ ምን ያደርጋል?

አስተናጋጁ፦ እሺ፣ ይህን ልቀበል። ግን ጠላ ለስላሳ ነው፤ ወይን እኮ ከአሥራ ሁለት በመቶ በላይ አልኮል አለው። ጠላ ከ2 እስከ 4 ነው፤ የተጣራውም ቢሆን ከ5 ወይም 6 ብዙም አያልፍም።

እትዬ፦ ሥጋ በላተኛ ለመስከር ነው የሚቀመጥ? ለመብላት ነው። ሲበሉ የሚጠጣና ከተበላ በኋላ የሚጠጣ ሁለት ነገር ነው። ሲበሉ የሚጠጣው ደጋግሞ የሚጎነጩት መሆን አለበት።

አስተናጋጁ፦ ከተማ ያለው ጠላ ግን ለስቴክ ይሆናል ብዬ ለማቅረብ አልደፍርም።

እትዬ፦ አትድፈር። ያ የገረጣው ከሥጋ ጋር አይሆንም። እስቲ ልንገርህ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጢሱ ከጋኑ ገላ አይለቅም፣ ጠላው ውስጥ ይቀራል። የተወቀጠው ጌሾ ይዘፈዘፋል፣ ብቅሉ ይጨመርበታል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረስበታል። በመጨረሻ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ አሻሮ ሆኖ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። የእኔ ነገር አሻሮው ላይ ነው። ለክርስትና ስጠምቅ ገብሱን ቀላ ሲል አወርደዋለሁ። ሥጋ የሚበላበት በዓል ሲሆን ግን ቡና ለመምሰል ጥቂት እስኪቀረው እቆላዋለሁ። ያን ጊዜ ጠላው ይጠቁራል፤ ጥብሱና ጠላው አንድ ዓይነት ይሸታሉ።

አስተናጋጁ፦ አንድ ዓይነት የሚሸቱበት ምክንያት አለ። ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1912 የጻፈው ነገር ነው። ፕሮቲንና ስኳር አብረው ሲግሉ ይቀላሉ፣ ይጠቁራሉ፣ አዲስ ሽታም ያወጣሉ። የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ የተቆላ ገብስ ሁሉም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት። አየርላንዶች ጊነስ የሚሉትን ጥቁር ቢራቸውን ከበሬ ሥጋ ጋር የሚወዱት ለዚህ ነው። ቢራው የጠቆረው ገብሱ ስለተቆላ ነው።

እትዬ፦ አየህ፣ አሻሮ ነው። ፈረንጁ ጠርሙስ ውስጥ ከተተው እንጂ አሻሮ ነው።

አስተናጋጁ፦ እንግዲያው ለስቴኩ መልስ አገኘሁ፤ ጥቁር ጠላ፣ ከሌለም ጥቁር ቢራ። ለበጉም ይሄው አይሆንም?

እትዬ፦ ለበጉ ሌላ ጣጣ አለው። ያን ጎድን አውጣና ሳህን ላይ አድርገው። አትብላው፤ ዝም ብለህ እየው።

አስተናጋጁ፦ ምኑን?

እትዬ፦ ጠርዙን። አየኸው? ገና ወሬ ሳንጀምር ነጭ አወጣ። ሞራው እየረጋ ነው። አሁን እዚያ ጥግ ከተቀመጡት ቢራዎች አንዱን ክፈት።

አስተናጋጁ፦ ወይኔ፣ በረዶ ነው! ፍሪጅ የት አላችሁ?

እትዬ፦ ምን ፍሪጅ አለ? ቤቱ ነው ያቀዘቀዘው። በል አሁን አንድ ጊዜ ጉረስና ጠጣበት።

አስተናጋጁ፦ ... ላንቃዬ ላይ ሻማ የተለጠፈ ነው የሚመስለው።

እትዬ፦ እሱን ነው የምልህ።

አስተናጋጁ፦ ቆይ፣ ይሄ የሚገባ ነገር ነው። የበግ ስብ ከ44 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ደህና አድርጎ አይቀልጥም፤ የሰው አፍ ደግሞ 37 ነው። ትኩስ ሆኖ ካልተበላ አፍ ውስጥም መርጋት ይጀምራል። በላዩ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ስንጨምርበት ጨርሶ ይጠነክራል። የበሬውም ስብ ይረጋል፤ የበጉ ግን ይብሳል።

እትዬ፦ የላቱ ግን እንደዚህ አይደለም፤ ለስለስ ያለ ነው። ክፉው የኩላሊቱ ሞራ ነው። እኛ ሙክቱን ስናርድ ላቱን ከቀይ ሥጋው ጋር እየቀላቀልን የምንጠብሰው ለዚህ ነው፤ ሞራውን ለብቻ እናቀልጠዋለን። የእናንተ ሼፍ ይህን ያውቃል?

አስተናጋጁ፦ የእኛ ሼፍ የበጉን ጎድን በትልቅ ነጭ ሳህን አድርጎ፣ በቅጠል አስጊጦ ነው የሚልከው። ከወጥ ቤት ጠረጴዛው ድረስ እስኪደርስ እንዲህ ነው የሚሆነው ማለት ነው። እንግዳውም የሚጠጣው በበረዶ የቀዘቀዘ ቢራ ነው።

እትዬ፦ ከዚያ «የበግ ሥጋ ይከብዳል» ይላሉ። እነሱ ናቸው ያከበዱት። ሸክላ ጥብስ ምን ሆኖ ተረሳ? ከሰሉ ከሥር፣ ሥጋው ከላይ፤ እስኪጨርስ ድረስ እየተንጫጫ ነው የሚበላው። በሸክላ ከቀረበ ቢራውም ምንም አይል።

አስተናጋጁ፦ ማለትም ለበግ ከመጠጡ ቀድሞ የሳህኑ ነገር ይስተካከል ነው የሚሉት?

እትዬ፦ መጠጡም ይስተካከል። ጋኑን ያየኸው የት ነው? ከምድጃው አጠገብ ነው። ጠላዬ ለብ ያለ ነው፤ እጅህን አያቀዘቅዝም። ይህ ሰው ሁሉ የለበሰውን በርኖስ አታይም? መንዝ ውስጥ ብርድ ጠጥቶ በግ የሚበላ ያበደ ሰው ነው።

(ጸሐፊው እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ያስገባል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ቅቅል እዚህ የሚዘገየው ለዚህ ነው። በጉ አጭር፣ ጸጉረ ሻካራ፣ ላተ ወፍራም ሲሆን፣ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ባለቤቱን የሚያቆየው እሱ ነው። ገብሱም በጉም የአንድ ብርድ ልጆች ናቸው። እትዬ በሙቀት ላይ ያላቸው ግትርነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።)

አስተናጋጁ፦ እንግዲህ ብርዱ ከተነሳ፣ አረቄውን ለምን አያነሱልኝም? መንዝ መጥቶ አረቄ ያልቀመሰ ሰው የለም። ብዙ ሰው ጮማ ሲበላ «አረቄ ስቡን ያቀልጠዋል» እያለ ነው የሚጠጣው።

እትዬ፦ እኔም ስሸጥ እንደዚያ ነበር የምለው። ውሸት ነው?

አስተናጋጁ፦ ውሸት ነው። ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ለ20 ጤነኛ ሰዎች ፎንዱ የሚሉትን የቀለጠ አይብ አበሏቸው፤ እሱም ስቡ ብዙ ነው። ለግማሾቹ ወይን፣ ለግማሾቹ ሻይ ሰጧቸው፤ ቆይተው ደግሞ ኪርሽ የሚባል የፍራፍሬ አረቄ ወይም ውሃ። ከዚያ ምግቡ ከሆዳቸው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ለኩ። አልኮሉ የበዛበት ሰው ሆድ ዘገየ። ቀለለኝ የሚለው ሰው የሚሰማው ሙቀቱን ነው እንጂ ሆዱስ ገና እየሠራ ነው።

እትዬ፦ ጉድ ነው! ሁለተኛውንም ንገረኝና ልረፍ። የኮሶውን ትል ይገላል የሚባለውስ?

አስተናጋጁ፦ እሱ ደግሞ ይብሳል። የኮሶ ትል የሚመጣው ከበሬው ሥጋ ውስጥ ከተቀመጠች ትንሽ ከረጢት ነው። ያችን የሚገላት 60 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለአሥር ቀን መቀዝቀዝ ነው። ሚጥሚጣው አይነካትም፣ አረቄውም አይነካትም። ሆድ ውስጥ ሲገባ እኮ አረቄው ከምራቅና ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል።

እትዬ፦ ለዚህ ነው አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ የኖሩት። አረቄው ቢሠራማ ያን መራራ ምን ያስጠጣቸው ነበር? ጥሬ ሥጋ እየተበላ፣ አረቄ እየተጠጣ፣ ኮሶም እየተጠጣ ነው የኖርነው። አሁን ገባኝ።

አስተናጋጁ፦ የእኛም ስቴክ ውስጡ ቀይ የሆነው 60 አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ከቄራ ያለፈና የተመረመረ ሥጋ መግዛት ነው። መጠጡ ያድነናል ብለን አናስብ።

እትዬ፦ በል እንግዲህ አረቄዬን ገድለህ ቀበርከው።

አስተናጋጁ፦ ኧረ በፍጹም! አረቄ መድኃኒት አይደለም አልኩ እንጂ ከሥጋ ጋር አይሄድም አላልኩም። ኖርዌይ የሚባል ብርዳም አገር አለ። ለገና የበግ ጎድን በጨው አድርቀው፣ በእንጨት ላይ አድርገው በእንፋሎት ያበስሉና፣ አካቪት ከሚባል አረቄ ጋር ይበሉታል። ከድንች የሚወጣ፣ ከሙን የሚመስል ቅመም ያለበት ነው። ከጎኑም ቢራ ይኖራል። ብርድ፣ በግ፣ አረቄ! መንዝ ነው እኮ።

እትዬ፦ እነሱ ሚጥሚጣ ይበላሉ?

አስተናጋጁ፦ የለም።

እትዬ፦ ለዚህ ነው የሚያምርባቸው። እኔ ስንት ሰው አይቻለሁ፤ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ነክሮ፣ በላዩ ዳግም አረቄ ግልብጥ ያደርግና ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ኃይለኛ ነው!» ይለኛል። አረቄው ኃይለኛ ሆኖ አይደለም፤ ሁለት እሳት አገናኝቶ ነው።

አስተናጋጁ፦ ልክ ነዎት። አፋችን ውስጥ ሙቀትን የሚያውቅ አንድ ነገር አለ፤ ሚጥሚጣው የሚያታልለው እሱን ነው። አልኮልም ያንኑ ይነካካዋል፣ በትንሽ ነገር እንዲጮህ ያደርገዋል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ካለ አረቄ አይሆንም፤ የሥጋው ጣዕም ይጠፋል። አንድ ሰው ለሰባ ሥጋ ከአርባ በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ ቢያቀርብ ደግሞ ምላስ ይደነዝዛል።

እትዬ፦ ተራ አረቄም እኮ አለ።

አስተናጋጁ፦ ተራውም ቢሆን ከ34 እስከ 40 ነው። ዳግሙ ወደ 45 ይደርሳል።

እትዬ፦ እንግዲያው እንደ ድሮው ሰው ነው። ድሮ አባቴ፣ ያንተ አያት፣ ከመብላቱ በፊት ቆሞ አንድ መለኪያ ነበር የሚወስድ። ደጁ ላይ በርኖሱን እያራገፈ፤ ከጓሳ ሜዳ ሣር አጭዶ ተመልሶ። ከዚያ ሥጋው ሲቀርብ ጠላ ነው። አረቄውን ዳግመኛ አያነሳውም።

አስተናጋጁ፦ ጓሳ ሣሩ የሚታጨደው በቀጠሮ አልነበረም እንዴ?

እትዬ፦ ያኔማ! የጓሳው አለቃ ካልፈቀደ ማን ይገባል? ለስንት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት አገር በሙሉ ይወጣል። ያን ቀን የሚበላውና የሚጠጣው ሌላ ነው። አሁንም ሕዝቡ ራሱ ነው የሚጠብቀው፤ ቀይ ቀበሮ ለማየት ቱሪስቱ ይመጣል። ቀበሮው ግን አይጥ ነው የሚበላ፤ ከእኔ በግ ጋር ጸብ የለውም።

አስተናጋጁ፦ አረቄን በአምቦ ውሃ ቀጠን አድርገን ብናቀርብስ? ስኮትላንዶች ውስኪያቸውን ከሥጋ ጋር ሲያቀርቡ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ሽታውም ይከፈታል፣ ማቃጠሉም ይቀንሳል። ውስኪም ያው የገብስ አረቄ ነው፤ በርሜል ውስጥ ዓመታት መቀመጡ ነው ልዩነቱ።

እትዬ፦ አረቄ በአምቦ?

አስተናጋጁ፦ ትንሽ ብቻ።

እትዬ፦ ሁለቱንም ታበላሻለህ። አንድ ቀን ሙሉ እሳት አጠገብ ተቀምጬ፣ ጢስ እየበላሁ፣ ጠብታ በጠብታ ያወጣሁትን አንተ ውሃ ልትጨምርበት? ውሃ ከፈለግክ ድፍድፉን ጠጣ!

(በዚህ ነገር አልተስማሙም። ለጸሐፊው ግን የወንድም ልጁ ሐሳብ የሚሞከር ይመስለዋል፤ ይህን በእትዬ ፊት አልተናገረም።)

አስተናጋጁ፦ ይቅር፣ ይቅር። ወደ ጠጅ እንሂድ። እንግዶቻችን «የአገር ባህል» ሲሉ መጀመሪያ የሚጠሩት ጠጅን ነው።

እትዬ፦ መንዝ የጠጅ አገር አይደለም። ንብ ብርድ አትወድም። ማር ከቆላው፣ ከመርሐቤቴ በኩል ነው የሚመጣ። ጠጅ የጌታ ነበር። ድሀ ጠጅ ጥሎ ሲገኝ ይጠየቅ ነበር ይሉናል።

አስተናጋጁ፦ የጥሬ ሥጋና የጠጅ ጋብቻ ግን በዚሁ በሸዋ ቤተ መንግሥትም ይታወቃል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ሻምበል ሐሪስ ስለ ጥሬ ሥጋውም ስለ ጠጁም ጽፏል። ከእሱ በፊት ጎንደርን ያየው ጄምስ ብሩስ ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ሲጽፍ ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው አላመነውም። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ደግሞ ጠጁንና ሥጋውን አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ለሺዎች አቀረቡት። መኳንንቱ ቀድመው ጠጅ በብርሌ፣ ሠራዊቱ በተራው። ሥጋው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በመካከል ያልፋል፤ የፈለገ በቢላዋ ይቆርጣል።

እትዬ፦ የቆረጠውን በምን ያወርደዋል?

አስተናጋጁ፦ በጠጅ ነዋ። ጣፋጭ ነገር የሚጥሚጣን ማቃጠል ያበርዳል። ጥሬው ደግሞ ያልተጠበሰ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ የጌሾውን ምሬት ማሩ ያለዝበዋል። ስለዚህ ለጥሬ ጠጅ ይሆናል። ለጥብስ ግን እጠራጠራለሁ። ጥብሱ በራሱ ጣፋጭ ጥግ አለው፤ በላዩ ለስላሳ ጠጅ ሲጨመርበት ምግቡ ከረሜላ ይሆናል። እኔ ለጥብስ ደረቁን ነው የምቀዳ።

እትዬ፦ ከተማ ያለው ጠጅ ማር አለው ብለህ ነው? ስኳር ነው።

አስተናጋጁ፦ እሱ ሌላ ችግር ነው። በስኳር የተጣለ ጠጅ ከሥጋ ጋር አይስማማም፤ ቀድሞ ስኳሩን ትቀምሰዋለህ፣ ሥጋውን አታገኘውም።

እትዬ፦ ቢራውንስ ምን ልትል ነው? ደብረ ብርሃን ሁለት ፋብሪካ አለ ይላሉ።

አስተናጋጁ፦ ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፤ ዳሽንም እዚያ ፋብሪካ አለው። የብቅል ፋብሪካም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ተከፍቷል። ገብሱ ከዚህ ከደጋው ይወርድና ቢራ ሆኖ ይመለሳል።

እትዬ፦ ገበሬው ገብሱን ሸጦ ቢራውን ይገዛዋል። ድሮ ጥንስሱ በጓዳው ነበር።

አስተናጋጁ፦ ቢራን አልንቀውም እትዬ። ጋዙ ስቡን ከምላስ ላይ ያነሳል፤ ለበሬ ጥብስ በደንብ ይሆናል። የሚጎድለው መቆላት ነው። የእኛ ቢራዎች አብዛኛዎቹ ወርቃማና ቀላል ናቸው፤ ላዩ የጠቆረ ስቴክ ሲመጣ ቢራው ይጠፋል። ቀዝቅዞ ሲቀርብማ ያዩትን አይተዋል።

እትዬ፦ እኔ አላየሁም፤ አንተ ነህ ያየኸው። እኔ ድሮ አውቀዋለሁ።

አስተናጋጁ፦ እና አሁን ሳስበው፣ እንግዶቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሥጋው እንዴት እንዲቀርብላቸው እንደሚፈልጉ ነው፤ ቀይ ወይን ጠጡ አልጠጡ ኋላ ይመጣል። ጥሬ የሚወድ ጠጅ ይጠጣል። የበሬ ስቴክ ላዩ ጠቁሮ ከመጣለት ጥቁር ጠላ እቀዳለታለሁ። በግ ያዘዘ ደግሞ ሸክላው ከነፍሙ ይምጣለት፤ ጠላው ለብ ይበል።

እትዬ፦ አረቄውንስ?

አስተናጋጁ፦ ቆመው፤ ኮት ሲያወልቁ፤ አንድ መለኪያ።

እትዬ፦ አሁን የአያትህ ልጅ ሆንክ። ጠላውን ግን ከየት ልታመጣው ነው? ፋብሪካ አያወጣው።

አስተናጋጁ፦ ከእርስዎ በጄሪካን ብወስድስ? አውቶቡሱ ማታ ይገባል።

እትዬ፦ በጄሪካን! ጠላ እኮ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ መንገድ ላይም ይፈላል። ከዚህ ሞላሌ፣ ከሞላሌ ጣርማ በር ስትንገጫገጭ ጄሪካኑ እንደ ነፍሰ ጡር ይነፋል። ደብረ ብርሃን ሳትደርስ ክዳኑ ይፈናጠርና የሰውን ሁሉ ነጠላ ታለብሰዋለህ። ቢደርስልህም ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ይኮመጥጣል።

አስተናጋጁ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

እትዬ፦ ደረቁን ውሰድ። አሻሮውን ቆልቼ፣ ብቅሉን ፈጭቼ፣ ጌሾውን ከነቅጠሉ አስሬ እሰጥሃለሁ። እዚያው ትጠምቁታላችሁ። የወይራ እንጨትም አትርሳ።

አስተናጋጁ፦ ሆቴሉ ጋን የለውም። ፕላስቲክ በርሜል ነው ያለን።

እትዬ፦ ፕላስቲክ በምን ይታጠናል? ይቀልጥብሃል። ጋን ይግዙ። ለሥጋው ያን ሁሉ ብር እያወጡ ለጋን ይሰስታሉ?

አስተናጋጁ፦ እሺ እነግራቸዋለሁ። ሼፉ ግን ሁሉን ነገር በግራም ነው የሚፈልገው። ለአንድ ጋን ስንት ኪሎ ጌሾ ይገባል?

እትዬ፦ በኪሎ አላውቀውም፤ በእጄ ነው የማውቀው።

አስተናጋጁ፦ እንዴት ብዬ ነው ታዲያ የምነግረው?

እትዬ፦ ነገ ጠዋት እጠነስሳለሁ። ሚዛን ከጎረቤት ተዋስና ና፤ እኔ ስዘግን አንተ መዝነህ ጻፍ። አሁን ግን ያን ጎድን እሳት ላይ መልሰው፤ ረግቷል።